ለምዝገባ ሲመጡ የክትባት ካርዱን ይዘው ይምጡ

(የመግቢያ ሙዚቃ)

በባሕር ዳርና በጣና ዙሪያ፣ ከዘጌ እስከ ጎርጎራ፣ ከወረታ እስከ ደቅ ደሴት ሆናችሁ የምትከታተሉን ሁሉ፣ የዛሬው ዝግጅታችን ልጃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት ለሚያስገቡ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንዲሁም መዝገብ ዘርግተው ለሚቀበሏቸው መምህራን የተሰናዳ ነው።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል በየትምህርት ቤቱ ምዝገባ ይጀመራል። ወላጅ ይዞ እንዲመጣ ከሚጠየቀው መካከል የልደት ምስክር ወረቀት አለ፤ ፎቶግራፍ አለ፤ የክትባት ካርድ የሚጠይቁ ትምህርት ቤቶችና አጸደ ሕፃናትም ጥቂት አይደሉም። በመመዝገቢያው ጠረጴዛ ዙሪያ እንዲህ ያለ ንግግር ሳትሰሙ አትቀሩም፦

«የልጁን የክትባት ካርድ ይዘውልኛል፣ እህቴ?»

«ኧረ መምህር፣ ክትባቱንስ በዘጠኝ ወሩ ጨርሷል። ካርዱ ግን ቤት ስንቀይር የት እንደገባ እንጃ።»

«ያለ ካርድ እንዴት አድርጌ ልመዝግበው?»

«እንግዲያ ምን ይሻለኛል?»

በዚህች አጭር ንግግር ውስጥ ሦስት ነገር አለ። ካርዱ ጠፍቷል። እናቲቱ ክትባቱ አልቋል ብላ ታምናለች፤ በዘጠኝ ወር ግን አያልቅም። መምህሩም ካርድ ከሌለ ልጁን ለመመዝገብ ያመነታል። የዚህ ዝግጅት አቋም ግልጽ ነው፦ ካርዱ መጠየቅ አለበት፤ ካርድ የሌለው ልጅ ግን ከትምህርት ቤት በር መመለስ የለበትም። ለምን እንደሆነ አብረን እንየው።

(አጭር ሙዚቃ)

በቅድሚያ ስለ ኩፍኝ እናውራ፤ የመማሪያ ክፍልን እንደ ኩፍኝ በፍጥነት የሚያዳርስ በሽታ የለምና። ኩፍኝ በትንፋሽ ይተላለፋል። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ወጥቶ ከሄደ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ ሁለት ሰዓት ድረስ አየሩ ላይ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ልጁ ለሌሎች ማስተላለፍ የሚጀምረው ሽፍታው ከመውጣቱ አራት ቀን ያህል ቀድሞ መሆኑ ነው። በእነዚያ ቀናት የሚታይበት ትኩሳት፣ ሳል፣ የዓይን መቅላትና ንፍጥ ብቻ ነው፤ ያየው ሁሉ ጉንፋን ነው ይላል። «ሲታመም ከትምህርት ቤት አስቀረዋለሁ» የምትል እናት ሐሳቧ ቅን ነው፤ ነገር ግን ሽፍታውን አይታ ልጇን ስታስቀር፣ እሱ ከጎኑ ለተቀመጡት አስቀድሞ አስተላልፏል። ማንም ባልተከተበበት ማኅበረሰብ አንድ የኩፍኝ ሕመምተኛ ከ12 እስከ 18 ለሚደርሱ ሰዎች እንደሚያስተላልፍ ይገመታል። ሦስት አራት ልጅ በአንድ ዴስክ ተጠጋግቶ በሚቀመጥበት ክፍል ይህ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ መምህራን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ።

ኩፍኝ ሽፍታ ብቻ ሆኖ ቢያልፍ ኖሮ ይህን ያህል አንጨነቅም ነበር። ሳንባ ምች ያስከትላል፤ ኃይለኛ ተቅማጥ ያስከትላል፤ ቫይታሚን ኤ ያነሰውን ልጅ ዓይን ያጠፋል፤ አንዳንዴም አንጎል ድረስ ይዘልቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጡ ጥናቶች ደግሞ ሌላ ጉዳት አሳይተዋል። የሰው ገላ ከዚህ በፊት የተዋጋቸውን በሽታዎች እያስታወሰ ይከላከላል፤ ኩፍኝ ይህን ትዝታ ከፊሉን ይደመስሰዋል። ስለዚህ ከኩፍኝ የዳነ ልጅ ለወራት፣ አንዳንዴም ከዚያ ለረዘመ ጊዜ፣ ለሌሎች በሽታዎች ይጋለጣል።

በየቤታችን ኩፍኝ የወጣበትን ልጅ ጨለም ያለ ክፍል ውስጥ አስተኝቶ ከሰው ዓይን መሰወር የቆየ ልማድ ነው። ከሌሎች ልጆች መለየቱ መልካም ነው፤ ይህንንስ ሐኪምም ይመክራል። ከጤና ባለሙያ መሰወሩ ግን ልጁን ይጎዳዋል። ጤና ጣቢያ ሲሄድ የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ከዓይነ ስውርነት ይጠብቀዋል፤ ሕይወቱንም ሊያተርፍ ይችላል። እባካችሁ፣ ኩፍኝ የጠረጠራችሁበትን ልጅ ቤት ደብቃችሁ አታስቀምጡ።

ኩፍኝ በአንድ አካባቢ እንዳይዛመት ከመቶ ሰው 95ቱ ያህል መከላከያ ያለው መሆን ይኖርበታል። ፎገራ ላይ ሩዝ የምታመርቱ አድማጮቻችን ታውቁታላችሁ፤ የማሳው ዙሪያ ክትር በአንዲት ቦታ ብቻ ከተሸነቆረ ውሃው በዚያችው ይወጣል። ያልተከተቡ ልጆች አንድ ክፍል ወይም አንድ ቀበሌ ውስጥ ሲሰባሰቡ ኩፍኝም የሚገባው በእነሱ በኩል ነው፤ ከዚያ ገና ዘጠኝ ወር ያልሞላቸውን፣ ለኩፍኝ ክትባት ያልደረሱ ሕፃናትን ቤታቸው ድረስ ሄዶ ያገኛቸዋል። ለምሳሌ የታመመው ተማሪ ታናሽ እህት አለችው፤ ማታ አብሯት ነው የሚተኛው።

መንጋጋ ቆልፍ ግን ከዚህ ይለያል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከአፈርና ከፍግ በቁስል በኩል ይገባል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ ሁሉ ቢከተብ ያልተከተበውን ልጅ ከመንጋጋ ቆልፍ አያድነውም። «ሌሎቹ ተከትበው የለ፣ የእኔ ቢቀር ምን አለበት» ለሚል ወላጅ መልሱ ይኸው ነው።

(አጭር ሙዚቃ)

ይህ አካባቢ ክትባት ባልነበረበት ዘመን ምን ይመስል እንደነበር ጥቂት እናስታውስ። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲደርስ ፈንጣጣ ገብቶ ነበር። በሽታው ቁስቋም የሚገኘውን የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ሳይቀር አዳርሶ፣ የእቴጌይቱን ልጅ የወይዘሮ አስቴርን ልጆችም ይዟቸው ነበር። ብሩስ ማድረግ የቻለው የክፍሉን በርና መስኮት መክፈት፣ ማጠን፣ ንጽሕናቸውን መጠበቅ ነበር። የዳኑ አሉ፤ የሞቱም አሉ። ሥልጣንም ሀብትም ያለው ቤት ከዚያ የተሻለ መከላከያ አልነበረውም። ሕዝቡ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም፤ ፈንጣጣው ቀለል ካለለት ሰው ቁስል ፈሳሽ እየወሰዱ የጤነኛውን ቆዳ ጫር እያደረጉ ማስገባት በአገራችን የታወቀ ዘዴ ነበር። ዘዴው አደጋ ነበረው፤ አንዳንዱን ገድሏል፣ በሽታውንም አዛምቷል። ቢሆንም ሰው ልጁን ለማትረፍ ሲል አስቀድሞ የመከላከልን ሐሳብ ያውቀው ነበር።

ፈንጣጣን ከኢትዮጵያ የማጥፋቱ ዘመቻ በ1963 ዓ.ም. ሲጀመር በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕመምተኞች ተመዝግበዋል። ከታች ከቆላው እስከ ላይ ደጋው በእግርና በበቅሎ እየተዞረ ሰው ተከተበ፤ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. የመጨረሻው ሕመምተኛ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ገጽ መጥፋቱን ያወጀው በ1972 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ መደበኛ የሕፃናት ክትባት መርሐ ግብሯን ጀመረች። የዛሬ ልጆች ክንድ ላይ የምናየው ትንሽ ጠባሳ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው እንጂ የፈንጣጣ አይደለም፤ እነሱ የፈንጣጣ ክትባት አያስፈልጋቸውም፤ በሽታው የለምና።

መርሐ ግብሩ በስድስት በሽታዎች ነው የጀመረው፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ጉሮሮ የሚዘጋው ዲፍቴሪያ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ ፖሊዮና ኩፍኝ። ከዚያ እየሰፋ መጣ። በ1999 ዓ.ም. ፀረ አምስት የምንለው ገባ፤ ይህ አንድ መርፌ ዲፍቴሪያን፣ ትክትክንና መንጋጋ ቆልፍን፣ የጉበት በሽታ የሚያመጣውን ሄፓታይተስ ቢን፣ እንዲሁም ማጅራት ገትርና ሳንባ ምች የሚያስከትለውን ሂብ የተባለ ባክቴሪያ ይከላከላል። በ2004 ዓ.ም. የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2006 ዓ.ም. ብርቱ ተቅማጥን የሚከላከለው ሮታ፣ በ2008 ዓ.ም. የፖሊዮ መርፌ ተጨመሩ። አሁን ልጁ ሲወለድ፣ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት፣ ከዚያም በዘጠኝ ወሩ ይከተባል። በመንግሥት ጤና ተቋም ሁሉም በነፃ ነው።

በዘጠኝ ወር አያልቅም ያልነው እዚህ ላይ ነው። ከ1972 ዓ.ም. አንስቶ አርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የመጨረሻው ክትባት የዘጠኝ ወሩ የኩፍኝ ክትባት ነበር። የበኩር ልጇን ያኔ ያስከተበች እናት «ጨረስኩ» ስትል ልክ ነበረች፤ ለልጅ ልጇ የምትመክር አያትም የምታውቀው ይህንኑ ነው። በ2011 ዓ.ም. ግን ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር እንዲሰጥ ተወሰነ። ያስፈለገበት ምክንያት ቀላል ነው። በዘጠኝ ወር የሚሰጠው ክትባት ከመቶ ልጆች 85 ያህሉን ይጠብቃል፤ በቀሩት ላይ ልጁ ከእናቱ የወረሰው መከላከያ ገና ስላልጠፋ ወይም ገላው ስላልጠነከረ ክትባቱ ሳይዝ ይቀራል። ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ዘጠኝ ልጆች ማለት ነው። ሁሉም አንድ አንድ ጊዜ ተከትበዋል፤ ካርዳቸውም ይህን ያሳያል፤ ቢሆንም ዘጠኙ ተጋልጠዋል። ሁለተኛው ክትባት እነዚህን ዘጠኝ ፍለጋ የሚሄድ ነው።

እንግዲህ አሁን አንደኛ ክፍል የሚገቡትን ልጆች አስቧቸው። የተወለዱት በ2010፣ በ2011፣ በ2012 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት ገና አዲስ በነበረበት፣ ባለሙያውም እናቱም ባልለመዱበት ጊዜ ነው 15 ወር የሞላቸው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ ሰው ጤና ጣቢያ መሄድ ፈራ። ቀጥሎ የሰሜኑ ጦርነት ሆነ። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን ግጭት ቀጥሎ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ክትባት ማመላለስ አስቸጋሪ ሆነ። ከቀያቸው ተፈናቅለው ባሕር ዳር የገቡ፣ ከካርዳቸው ቀርቶ ከልብሳቸውም ጋር የተለያዩ ልጆች አሉ። በትምህርት ቤት መመዝገቢያ ጠረጴዛ ካርድ መጠየቅ ከመቼውም ይልቅ አሁን የሚያስፈልገው ለእነዚህ ልጆች ነው። ካርድ የለህም ተብሎ መመለስ ከሁሉ ይልቅ የሚጎዳውም እነዚሁኑ ነው።

አገሪቱ የተጓዘችበትን መንገድ ማቃለልም አይገባም። በሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከ12 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት መሠረታዊ ክትባቶችን ሁሉ የወሰዱት በ1992 ዓ.ም. 14 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. 39 ከመቶ ደረሱ። በዚያው በ2008 ዓ.ም. አዲስ አበባ 89 ከመቶ ላይ ስትሆን አፋር ክልል 15 ከመቶ ላይ ነበር። አንድ አገር ውስጥ ያለ ልጅ የተወለደበት ቦታ ዕጣውን እንዲህ ሊወስንለት አይገባም ነበር።

(አጭር ሙዚቃ)

እናቶች ለምን ያቋርጣሉ? ብዙ ጊዜ ቸልተኝነት ነው ይባላል። እኔ በዚህ አልስማማም። አንዱን ምክንያት እንይ፦ የኩፍኝ ክትባት በዱቄት መልክ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ለአሥር ልጅ ይበቃል። ከማሟሟያው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ በስድስት ሰዓት ውስጥ ካላለቀ ይጣላል። ስለዚህ አንዲት እናት ብቻዋን ስትመጣ ባለሙያው ብልቃጡን ለመክፈት ይሳሳል፤ «ሌሎች ሲሰበሰቡ በሚቀጥለው ሳምንት ነይ» ይላታል። ይቺ እናት ምናልባት ከደሴት በጀልባ ተሻግራ፣ ወይም ሕፃኑን አዝላ ብዙ መንገድ ተጉዛ ነው የመጣችው። በሚቀጥለው ሳምንት አትመጣም፤ አጨዳ አለባት፣ ገበያ አለባት፣ ሌላ ልጅ ታሞባታል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር ለአንድ ልጅም ቢሆን ብልቃጡ ይከፈት የሚል ነው። ዘጠኝ መጠን ቢጣል ይጣል እንጂ ልጅ ሳይከተብ አይመለስ። በጤና ተቋማት ያላችሁ ባለሙያዎች፣ የክትባት እጥረት ምን ያህል እንደሚያስጨንቃችሁ እናውቃለን፤ ቢሆንም ይህን አደራ እንላለን።

ክትባቱ ራሱም ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከሁለት እስከ ስምንት ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለበት፤ ፀረ አምስትን የመሰሉት ደግሞ በረዶ ከሆኑ ይበላሻሉ። መብራት ቢጠፋም፣ ጀልባው ቢዘገይም ይህ መጠበቅ አለበት። ብልቃጡ ላይ ያለችው ትንሽ ክብ ምልክት በውስጧ አራት ማዕዘን አላት፤ ክትባቱ ሙቀት በበዛበት ቁጥር አራት ማዕዘኗ ትጠቁራለች። ከዙሪያዋ ጋር ቀለሟ ከተመሳሰለ ባለሙያው ያንን ብልቃጥ አይጠቀምበትም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የክትባቱን ሳጥን በትከሻዋ አንግታ ስትመጣ የምታዩዋት ይህን ሁሉ ጠብቃ ነው።

አሁን ካርዱ ወደጠፋባት እናት እንመለስ፤ ምን ይሻላታል?

ልጁ ይመዝገብ። መምህሩ ከስሙ አጠገብ «የክትባት ካርድ አልቀረበም» ብሎ ምልክት ያድርግ። እናቲቱም ልጁ ወደተከተበበት ጤና ጣቢያ ወይም ጤና ኬላ ትሂድ፤ የሕፃናት ክትባት መዝገብ ላይ ስሙ ሊገኝ ይችላል፤ በገጠር ቀበሌ ደግሞ የቤተሰቡ ማኅደር ጤና ኬላው ዘንድ አለ። የተወለደበትን ቀንና የተከተበበትን ዓመት ማስታወስ ፍለጋውን ያቀለዋል። ከተገኘ አዲስ ካርድ ይጻፍለታል። ካልተገኘ፣ ለምሳሌ ጤና ተቋሙ በግጭት ከወደመ፣ ልጁ እንዳልተከተበ ተቆጥሮ ለዕድሜው የሚገባው ይሰጠዋል። የኩፍኝን ክትባት የወሰደ ልጅ ደግሞ ቢወስደው አይጎዳውም። የዕድሜ ገደብ ያለባቸው እንደ ሮታ ያሉት ያልፉታል፤ ኩፍኝ ግን አያልፍም፤ የሰባት ዓመት ልጅም ይከተባል። ደግሞም ጀምሮ ያቋረጠ ልጅ ካቆመበት ይቀጥላል እንጂ ከመጀመሪያው አይጀምርም። «አቋርጬ ስለመጣሁ ይቆጡኛል» ብላችሁ የቀራችሁ እናቶች ካላችሁ፣ ሂዱ። ቀላል ጉንፋን ወይም ትንሽ ተቅማጥም ከክትባት አያስቀርም።

መምህራን ሆይ፣ እናንተ ሐኪም እንድትሆኑ ማንም አይጠይቃችሁም። ምዝገባው ሲያበቃ ምልክት የተደረገባቸውን ልጆች ስም ዝርዝር በአቅራቢያችሁ ላለው ጤና ጣቢያ ስጡ። ሃያ ልጅ አንድ ላይ ሲገኝ ባለሙያው ብልቃጥ ለመክፈት አያመነታም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሊመጣ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅትም ትምህርት ቤት መግቢያ ላይ ካርድ እንዲፈተሽ የሚመክረው ያልጨረሱትን አግኝቶ ለማስጨረስ ነው።

ይህ አሠራር የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ግዛት ተማሪዎች ፈንጣጣ እንዲከተቡ በሕግ ያስገደደው እ.ኤ.አ. በ1855 ነው፤ ዛሬ በአሜሪካ ግዛቶች ሁሉ ትምህርት ቤት የሚገባ ልጅ የክትባት ማስረጃ ይጠየቃል። ዲቪ የደረሳቸው ቤተሰቦች ይህን ከቪዛው የጤና ምርመራ ጀምሮ ያውቁታል፤ ማስረጃ ያጣ ሰው ለዕድሜው የሚገባውን ክትባት እንደገና ይወስዳል። ስለዚህ ካርዱ እንዳይጠፋባችሁ ከልደት ምስክር ወረቀቱ ጋር አንድ ላስቲክ ውስጥ አድርጉት፤ ስልክ ያላችሁ ፎቶ አንሱት።

በመጨረሻ ስለ ተመዝጋቢዎቹ ልጆች ታላላቅ እህቶች አንድ ነገር እንበል፤ ለእነሱም በትምህርት ቤት የሚሰጥ ክትባት አለ። የማኅፀን በር ካንሰር በአገራችን ሴቶችን ከሚይዙ ካንሰሮች ሁለተኛው ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የተባለ ቫይረስ ሲሆን ክትባት አለው። ኢትዮጵያ በ2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀመረች፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ደግሞ ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት በዘመቻ ተሰጠ። አንድ ጊዜ መከተብ ይበቃል። ያመክናል የሚለው ወሬ ሐሰት ነው፤ እንዲያውም ማኅፀኗን የሚያሳጣትን በሽታ ነው የሚከላከለው። በለጋ ዕድሜ የሚሰጠውም ቫይረሱ ሳያገኛት በፊት ሲሆን በደንብ ስለሚሠራ ነው።

ክትባቱ በዋናነት የሚሰጠው በትምህርት ቤት ስለሆነ ግን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ይህም ይቋረጣል። ትምህርት ያቋረጠች፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ገበያ የምትውል የ12 ዓመት ልጅ በስም ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። እንዲህ ያለች ልጅ ቤታችሁ ወይም ጎረቤታችሁ ካለች ስሟንና ዕድሜዋን ለቀበሌያችሁ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አስመዝግቡላት፤ የት ሄዳ እንደምትከተብም ጠይቁላት።

የዛሬው ዝግጅታችን እዚህ ላይ ያበቃል።

(የመውጫ ሙዚቃ)